የድሮ የቤዝቦል ዱላ፦ ታላቅ ተጫዋች የመታበትን ከሱቅ ዕቃ እንዴት እንለያለን?

አሜሪካ ውስጥ በሟች ቤት የዕቃ ሽያጭ ወይም በአሮጌ ዕቃ ገበያ የቤዝቦል ዱላ ያገኘ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ስሙን ነው። እንጨቱ ላይ የታላቁ ተጫዋች የሮቤርቶ ክሌመንቴ ፊርማ በእሳት ታትሞ ሲያይ ልቡ ይዘላል። "ክሌመንቴ ራሱ የመታበት ነው ማለት ነው!" ይላል። አይደለም። ሉዊቪል ስለገር የተባለውን ዱላ የሚሠራው ፋብሪካ ያንኑ ፊርማ እያተመ ለትምህርት ቤት፣ ለሰፈር ቡድንና ለስፖርት ዕቃ መደብር በገፍ ሸጧል። ክሌመንቴ በጨዋታ የመታበት ዱላ በአሥር ሺዎች ዶላር ይሸጣል። የሱቁ ግን ብዙ ጊዜ ጥቂት መቶ ዶላር ቢያወጣ ነው።

ቅዳሜ ቅዳሜ እንዲህ ያለ ሽያጭ የምታዘወትሩ አሜሪካ ያላችሁ አንባቢዎች ይህን ልዩነት ብታውቁት ይጠቅማችኋል። እኔ አጥብቄ የምይዘው አንድ መርህ አለ። መጀመሪያ እንጨቱን መርምሩ፤ የሻጩን ታሪክ በመጨረሻ ስሙ። ታሪኩን ቀድሞ የሰማ ሰው ዓይኑ የሚፈልገውን ብቻ ያያል።

ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታትና ቀናት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ስለ አጠራርም ልንግባባ። ቀጭኑን፣ እጅ የሚይዘውን ክፍል እጀታ እለዋለሁ። ከእጀታው ግርጌ ያለውን እጅ እንዳያመልጥ የሚከለክለውን ድቡልቡል ጫፍ፣ ኳስ የሚመታበትን ወፍራሙን ክፍል ደግሞ ራስ እለዋለሁ።

ከመጀመራችሁ በፊት

ሜትር፣ አውንስን በክፍልፋይ የሚያነብ ሚዛን፣ ካሊፐር (የውፍረት መለኪያ)፣ ማጉያ መነጽርና የእጅ ባትሪ ያዙ። አልትራቫዮሌት ብርሃን የሚሰጥ ትንሽ ባትሪም አይጠፋም፤ በርካሽ ይገኛል። ዱላውን ግን እንዳታጸዱት። አቧራው፣ እጅ እንዳያንሸራትት እጀታው ላይ የሚቀባው የጥድ ዝፍት፣ የኳሱ ቀለም፣ ሁሉም ማስረጃ ነው። በእርጥብ ጨርቅ አንዴ ከተጠረገ አይመለስም።

1. ማህተሙ የየትኛው ዘመን ነው?

ከአሮጌ ዱላዎች አብዛኞቹ የሚመጡት በኬንታኪ ግዛት፣ በሉዊቪል ከተማ ከተመሠረተው ከሂለሪክ ቤተሰብ ፋብሪካ ነው። ሉዊቪል ስለገር የሚለው ስም በ1894 በንግድ ምልክትነት ተመዘገበ። በ1905 ሆነስ ዋግነር ፊርማው በዱላ ላይ እንዲታተም ውል ፈረመ። የተጫዋች ፊርማ ያለበት ዱላ ታሪክም ከዚያ ይጀምራል። በ1916 የኩባንያው ስም ሂለሪክ ኤንድ ብራድስቢ ተባለ።

ይህች የመጨረሻዋ ቀን ብቻዋን ስንት ሐሰት ታጋልጣለች። አንድ ሰው "ይህ የ1912 ዱላ ነው" ብሎ በዱላው መሀል በታተመው የፋብሪካ ማህተም ላይ ብራድስቢ የሚል ስም ካለ ነገሩ እዚያው አለቀ። በሌላው ጫፍ ደግሞ ከ1980 ገደማ ጀምሮ በመሀሉ ማህተም ላይ የኩባንያው ስም ቀርቶ ሉዊቪል ስለገር የሚለው ጎልቶ ወጣ። በመሀል ያሉት አሥርት ዓመታት የሚለዩት በጥቃቅን ነገር ነው። የፊደሎቹ ቅርጽ፣ የምዝገባ ምልክቷ ያለችበት ቦታ፣ ከማህተሙ ጎን የተጻፈው ቃል፣ እነዚህ ይታያሉ። ሰብሳቢዎች ዘመኖቹን በሰንጠረዥ አስቀምጠዋቸዋል። ማህተሙን በደንብ ፎቶ አንሱና ከሰንጠረዡ ጋር ጎን ለጎን አድርጋችሁ አስተያዩ።

ሌሎች ፋብሪካዎችም አሉ። አዲሮንዳክ በኒውዮርክ ግዛት ዶልጅቪል ከተማ ይሠራ ነበር፤ ዊሊ ሜይስ ከተጠቀመባቸው አንዱ ነው። ስፖልዲንግ፣ ሪች፣ ሃናም አሉ። አሠራሩ አንድ ነው፦ መጀመሪያ ዘመኑን፣ ከዚያ ዘመኑ ከተጫዋቹ የጨዋታ ዓመታት ጋር መግጠሙን።

2. የፋብሪካ ልዩ ትዕዛዝ ነው ወይስ የሱቅ ዕቃ?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ድቡልቡሉን ጫፍ ገልብጡና እዩ። "34" ወይም "35" የሚል ርዝመት በኢንች ተመትቶበት ካገኛችሁ በአብዛኛው የሱቅ ዱላ ነው። ሱቅ የገባ ልጅ ቁጥሩን አይቶ ይመርጥ ነበርና። አንዳንዴ የመጨረሻዋ አኃዝ ብቻ ትመታለች።

ለትልቁ ሊግ፣ ለሜጀር ሊግ፣ የሚሠራው ሌላ ነው። ከ1943 ገደማ ጀምሮ በድቡልቡሉ ጫፍ ላይ የሞዴል ቁጥር ይመታ ነበር። ፊደሉ ሞዴሉ በመጀመሪያ የተሠራለት ተጫዋች የአባት ስም መነሻ ነው። ቁጥሩ ደግሞ በዚያ ፊደል የስንተኛው ሞዴል መሆኑን ይናገራል። "አር43" የቤብ ሩት ነው። "ኬ55" የቸክ ክላይን፣ "ሲ271" የሆሴ ካርዴናል። በ1976 ይህ ቁጥር ከጫፉ ተነስቶ ወደ ዱላው ራስ ሄደ።

አሁን ወደ ክሌመንቴ እንመለስ። ለፒትስበርግ ፓይሬትስ የተጫወተው ከ1955 እስከ 1972 ነው። በ1972 የመጨረሻ ቀን፣ ርዳታ ጭኖ ወደ ኒካራጓ ሲበር በአውሮፕላን አደጋ ሞተ። ስለዚህ የሞዴል ቁጥሩ በዱላው ራስ ላይ የታተመበት የክሌመንቴ ዱላ እሱ በሕይወት ሳለ አልተሠራም። ሻጩ ምንም ቢል፣ ከአያቱ ወረስኩት ቢልም፣ አልተሠራም።

ፊርማ ሳይሆን ስሙ በደረቅ ፊደል የታተመበት ዱላም ታገኛላችሁ። ይህ አያስደንግጣችሁ። ከፋብሪካው ጋር የፊርማ ውል ያልነበራቸው ተጫዋቾች ዱላ እንዲሁ ነበር። በተቃራኒው፣ ትክክለኛ የሊግ ዱላ ሆኖ የታዋቂ ሰው ፊርማ ያለበትን ሌላ ተጫዋች አዝዞት ሊሆን ይችላል። ሞዴሉን የወደደ ሁሉ ያዝዝ ነበር። ስለዚህ "የሊግ ዱላ ነው" ማለት "የእሱ ዱላ ነው" ማለት አይደለም።

3. ለኩ፣ መዝኑ፣ ከመዝገብ ጋር አስተያዩ

ርዝመቱን እስከ ግማሽ ኢንች፣ ክብደቱን እስከ ክፍልፋይ አውንስ ጻፉ። አንድ ኢንች 2.54 ሴንቲ ሜትር፣ አንድ አውንስ 28 ግራም ገደማ ነው። ፋብሪካው ለተጫዋቾች የላከውን ዱላ ይመዘግብ ነበር። መቼ እንደተላከ፣ ምን ሞዴል፣ ስንት ኢንች፣ ስንት አውንስ። ከ1930 ገደማ ወዲህ ያሉት መዝገቦች በብዛት ተርፈዋል። መርማሪዎችም በዋናነት የሚመኩባቸው በእነሱ ላይ ነው።

ክሌመንቴ 36 ኢንች የሆነ ረጅም ዱላ ይወድ ነበር። ከታወቁት ሞዴሎቹ አንዱ "ዩ1" ነው፤ ድቡልቡል ጫፍ የሌለው፣ እጀታው ወደ ግርጌ ቀስ እያለ የሚሰፋ። 33 ኢንች የሆነ የክሌመንቴ ዱላ ይዛችሁ ከሆነ ገና ከጅምሩ ጥርጣሬ ይግባችሁ። ቤብ ሩት ደግሞ ከ40 አውንስ በላይ፣ ማለትም ከአንድ ኪሎ ከመቶ ግራም በላይ የሚመዝን ዱላ ያነሳ ነበር። የዛሬ ተጫዋች እንዲህ ያለውን አይነካውም።

ክብደቱ ከመዝገቡ ትንሽ ቢቀንስ አትደንግጡ። እንጨት በአሥርት ዓመታት ውስጥ እርጥበቱን ያጣል። አንድ አውንስ ገደማ መጉደሉ የተለመደ ነው። ርዝመት ግን አይቀንስም። ርዝመቱ ካልገጠመ ወይ ተቆርጧል ወይ ሌላ ዱላ ነው።

ከ1930 በፊት ላሉ ዱላዎች መዝገቡ ስስ ነው። ለዚህ ነው በጎኑ ላይ በእጅ የተጻፈበት ዱላ እንደ ወርቅ የሚታየው። ተጫዋቹ የወደደውን ዱላ "ይህን የመሰለ ሥሩልኝ" ብሎ ወደ ሉዊቪል ይመልሰዋል። የፋብሪካው ሠራተኛም በወፍራም የሰም እርሳስ ስሙን፣ ከየት እንደመጣና ቀኑን፣ አንዳንዴም ክብደቱን እንጨቱ ላይ ይጽፋል። ይህ ጽሑፍ ዱላው በተጫዋቹ እጅ እንደነበር ፋብሪካው የሰጠው ምስክርነት ነው። በማጉያ ስታዩት ሰሙ በእንጨቱ ስርጉድ ውስጥ ገብቶ የደረቀ፣ ከላዩም አቧራ የጠጣ መሆን አለበት። ሙልጭ ብሎ የሚያንጸባርቅ ከሆነ ተጠራጠሩ።

4. በእርግጥ ተመትቶበታል?

እኔ ከሁሉም በላይ የምወደው ይህን ክፍል ነው። እንጨቱ የሚናገረው እዚህ ነውና።

እጀታውን ወደ ሆዳችሁ፣ የመሀሉን ማህተም ወደ ሰማይ አድርጋችሁ ያዙት። ተጫዋቾች ማህተሙን ወደ ላይ አድርገው ነው የሚመቱት። አሽ የተባለው እንጨት እንዲህ ሲያዝ ኳሱ በሚያርፍበት ጎን ይጠነክራል፤ በማህተሙ ላይ ቢመቱበት ቶሎ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ቀኝ መቺ ከሆነ የኳሱ ምት በብዛት በግራችሁ በኩል ይገኛል። ግራ መቺ ከሆነ በቀኛችሁ። ክሌመንቴ ቀኝ መቺ ነበር፤ ምቱን በግራ ፈልጉ። ሩት ግራ መቺ ነበር፤ በቀኝ ፈልጉ። ሚኪ ማንትል በሁለቱም በኩል ይመታ ስለነበር በሁለቱም ጎን ብታገኙ አይገርምም። ምቱ ሁሉ ማህተሙና ፊርማው ላይ ያረፈበት ዱላ ግን የሠለጠነ ተጫዋች የያዘው አይመስልም። ልጆች በሰፈር ሲጫወቱበት የኖረ ይመስላል።

አሁን የእጅ ባትሪውን ከጎን አብሩ፤ ብርሃኑ እንጨቱን እየዳበሰ እንዲያልፍ። የኳሱ ስፌት የተወው ረድፍ ረድፍ ያለ ትንንሽ ስርጉድ ይታያል። ብዙ የተመታበት ጎን ላይ የእንጨቱ መስመር ይነሳል፣ ይላላል፣ ቅርፊት የመሰለ ነገር ይፈጥራል። ይህ በአንድ ቀን አይመጣም። አንዳንዴም ኳሱ ላይ የታተመው ጽሑፍ ቀለሙን በተገላቢጦሽ ትቶ ይገኛል።

የቀለሙ ነገር ደግሞ ሌላ ፍንጭ ይሰጣል። እስከ 1934 ድረስ በትልቁ ሊግ ሥር ያሉት የሁለቱ ሊጎች ኳስ ስፌቱ አንድ ዓይነት አልነበረም። የአሜሪካን ሊግ ቀይና ሰማያዊ፣ የናሽናል ሊግ ቀይና ጥቁር ነበር። በኋላ ሁለቱም ቀይ ብቻ ሆኑ። በ1920ዎቹ የሩት ቡድን የነበረው፣ በአሜሪካን ሊግ የሚጫወተው የያንኪስ ዱላ ላይ ፈዘዝ ያለች ሰማያዊ ጭረት ካገኛችሁ ከዘመኑ ጋር ትስማማለች። የ1960ዎቹ ዱላ ላይ ሰማያዊ የስፌት ቀለም ካገኛችሁ ግን ከየት መጣ ብላችሁ ጠይቁ።

ከኳሱ ምት ሌላ የሚፈለጉ ነገሮች አሉ። ተጫዋቹ ከጫማው ሾህ ላይ ጭቃ ለማራገፍ ሲመታበት የቀሩ ጭረቶች አሉ። ዱላ ከሚደረደርበት ሳጥን የተፋቀ ቀለም አለ። እጀታው ላይ የደረቀ የጥድ ዝፍት፣ የፕላስተር አሻራ፣ ስንጥቅም ይኖራል። የእጀታ ስንጥቅ ጉድለት ብቻ አይደለም። ብዙ ዱላ ከጨዋታ የወጣው ስለተሰነጠቀ ነው። በሚስማርና በፕላስተር የተጠገነ ስታዩ ደግሞ ብዙ ጊዜ የኋላ ታሪኩን ትረዳላችሁ፤ ተጫዋቹ ለአንድ ልጅ ሰጥቶት፣ ልጁ ጠግኖ ተጫውቶበታል።

5. ከዘመኑ ጋር የማይሄድ ነገር

ማጭበርበር የሚጋለጠው ብዙ ጊዜ በትንሽ ነገር ነው። ድቡልቡሉ ጫፍ ላይ የሩት የማሊያ ቁጥር የሆነው "3" ተጽፎ "የሩት የ1923 ዱላ" ቢሏችሁ አስቡ። ያንኪስ ቁጥር ልብሳቸው ላይ ማድረግ የጀመሩት በ1929 ነው። በ1923 ሩት ቁጥር አልነበረውም። ቁጥሩ በማርከር የተጻፈ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይባስ ይከፋል። ማጂክ ማርከር የተፈለሰፈው በ1953፣ ሻርፒ ገበያ የወጣው በ1964 ነው። ሩት የሞተው በ1948 ነው። የእጅ ፊርማ ካለበትም ቀለሙን እዩ። ኳስ ጫፍ እስክሪብቶ አሜሪካ ውስጥ መሸጥ የጀመረው በ1945 መጨረሻ ነው።

የዱላው ራስ ጫፍ ጎድጎድ ተደርጎ ከተቦረቦረ፣ ይህ በትልቁ ሊግ የተለመደው በ1970ዎቹ ነው። እንጨቱ ሜፕል ከሆነ ደግሞ ተጠንቀቁ። የጥንት ዱላ በአብዛኛው አሽ ወይም ሂኮሪ ነው፤ ሜፕል የገነነው ባሪ ቦንድስ በ2001 ሰባ ሦስት ሆም ረን (ኳሱን ከሜዳው ውጭ የሚያወጣ ምት) ሲመታበት ነው።

የታደሰ ማህተም ሌላው አደጋ ነው። አጭበርባሪ ያልታወቀ ተጫዋች ስም ያለበትን ዱላ ይፍቅና የታላቁን ስም ያትምበታል። በካሊፐር የዱላውን ራስ ውፍረት ዙሪያውን ለኩ። በአንድ ጎን ድንገት ከሳሳ ተፍቋል። በማጉያ የፊደሎቹን ስርጉድ እዩ። አሮጌ ማህተም ውስጥ ቆሻሻና ቫርኒሽ ተጋግሯል፤ አዲሱ ውስጥ ንጹሕ የተቃጠለ እንጨት ይታያል። ከዚያ መብራት አጥፉና አልትራቫዮሌቱን አብሩ። አዲስ ቫርኒሽ፣ ሙጫና የተቀባ ቀለም ከቀረው እንጨት በተለየ መልክ ያበራሉ። የጥድ ዝፍቱንም በጣት ጥፍር ነካ አድርጉ። የድሮው ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ የትናንቱ ይጣበቃል።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ የበዛ እንዳይመስላችሁ። የአሜሪካው ኤፍቢአይ በ1990ዎቹ መጨረሻ "ኦፕሬሽን ቡልፔን" በሚል ባካሄደው ምርመራ የሐሰት ፊርማና የሐሰት የስፖርት ቅርስ ንግድ ምን ያህል የሰፋ እንደሆነ አሳይቷል። ሜጀር ሊግ ቤዝቦልም ከዚያ በኋላ፣ በ2001፣ ጨዋታው ላይ ተገኝቶ ዕቃውን የሚያረጋግጥ ሰው መመደብና የሆሎግራም መለያ መለጠፍ ጀመረ። ከዚያ በፊት ላሉ ዱላዎች ግን እንዲህ ያለ ምስክር የለም። ምስክሩ እንጨቱና ወረቀቱ ብቻ ናቸው።

6. አሁን ታሪኩን ስሙ

ዱላው እስካሁን ያለውን ሁሉ ካለፈ ሻጩን ጠይቁ። ከማን አገኘው? መቼ? ወረቀት አለ? ደብዳቤ፣ የጋዜጣ ቁራጭ፣ ተጫዋቹ ዱላውን ሲሰጥ የተነሳ ፎቶ?

ጥሩ የባለቤትነት ታሪክ ምን እንደሚመስል ለማየት ሩት ሚያዝያ 18 ቀን 1923 በያንኪ ስታዲየም የመጀመሪያውን ሆም ረን የመታበትን ዱላ ውሰዱ። ሩት ያንን ዱላ በሎስ አንጀለስ ለተካሄደ የተማሪዎች የሆም ረን ውድድር ሽልማት ሰጠው። እንጨቱ ላይ ለአሸናፊው መታሰቢያ ጽፎ ፈርሞበታል፤ ቀኑም በዚያው ዓመት ግንቦት 7 ይላል። ውድድሩን ያዘጋጀው የከተማው ጋዜጣ ነበር። ዱላው በታኅሣሥ 2004 በሶዝቢስ ጨረታ 1,265,000 ዶላር ተሸጠ። ተቀባዩ ይታወቃል፣ ቀኑ ይታወቃል፣ ጽሑፉ እንጨቱ ላይ አለ። "አያቴ ከሩት ሾፌር ገዛው" ከሚል ወሬ ጋር ምን ያህል እንደሚራራቅ ተመልከቱ።

ፎቶ ካለ ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል። የእንጨት መስመር እንደ ጣት አሻራ ነው፤ ሁለት ዱላ አንድ ዓይነት የለውም። ጥራት ያለው የዘመኑ ፎቶ ተገኝቶ መስመሩ፣ ጠቆር ያለው ነጥብ፣ የማህተሙ አቀማመጥ ከያዛችሁት ዱላ ጋር ከገጠመ ክርክሩ ያበቃል። የክሌመንቴ ዘመን ፎቶዎች ብዙ ናቸውና መፈለጉ አያስቆጭም።

7. ውጤት አሰጣጥ

በመስኩ የታወቁት መርማሪ ድርጅቶች ፒኤስኤ እና ሚርስ ከ1 እስከ 10 ውጤት ይሰጣሉ። በሚርስ አሠራር ልኩ ከፋብሪካው መዝገብ ጋር የገጠመ የሊግ ዱላ ከ5 ይነሳል። ከዚያ ለጨዋታ አጠቃቀሙ፣ ለተጫዋቹ ልማድ ምልክቶችና ለባለቤትነት ታሪኩ ነጥብ ይጨመርለታል። ጥገና፣ የጎደለ እንጨት፣ የተፋቀ ገጽ ነጥብ ያስቀንሳል።

ለራሳችሁም በዚሁ መንገድ አስሉ። "ዩ1" ሞዴል፣ 36 ኢንች፣ ክብደቱ ከመዝገቡ በአንድ አውንስ ያነሰ የክሌመንቴ ዱላ ይዛችኋል እንበል። ማህተሙ ከ1965 እስከ 1972 ያለው ነው። መነሻው ተሟልቷል። በግራ ጎኑ ብዙ ምት አለበት፤ ነጥብ ጨምሩ። በእጀታው ግርጌ የደበዘዘ "21" አለ፤ የማሊያ ቁጥሩ ነውና ሌላ ነጥብ። ወረቀት ግን የለም፤ ፎቶም አልተገኘም። ከላይኛው ውጤት በታች ቆማችኋል። አንድ ጥሩ ፎቶ ወይም አንድ ደብዳቤ ከተገኘ ያኔ ከፍ ይላል።

የተጫዋች ልማድ ስል በሰነድ የታወቀውን ማለቴ ነው። ታይ ካብ እጀታውን በፕላስተር ይጠቀልል ነበር። ሩት በ1927 ሆም ረን በመታ ቁጥር በማህተሙ ዙሪያ ጭረት እየቀረጸ የመዘገበበት ዱላ ሉዊቪል በሚገኘው የፋብሪካው ሙዚየም ይታያል። ግን ጭረት መቅረጽና ፕላስተር መጠቅለል ለማንም ቀላል ነው። ስለዚህ ይህን ነጥብ የምትሰጡት ሞዴሉ፣ ልኩና ምቱ ከገጠሙ በኋላ ብቻ ነው።

ዱላው ዋጋ ያለው ከመሰላችሁ ለባለሙያ ላኩት። የምርመራው ክፍያ ከስህተት ዋጋ ያንሳል። ስትልኩ ከመታሸጉ በፊት ማህተሙን፣ ሁለቱን ጎኖች፣ ሁለቱን ጫፎችና ስንጥቁን ፎቶ አንሱ፤ ኢንሹራንስም ግቡ። የምስክር ወረቀቱ ሲመጣ ከላይ ያለውን ቁጥር ብቻ አትዩ። ሙሉውን ደብዳቤ አንብቡ። ከየትኛው የመላኪያ መዝገብ ጋር እንደገጠመ፣ ምን ጥገና እንደተገኘ፣ ነጥቡ ለምን እንደተቀነሰ እዚያ ተጽፏል። ሌላ ሰው ያስመረመረውን ዱላ የምትገዙ ከሆነም ይህንኑ ደብዳቤ ጠይቁና ርዝመቱንና ክብደቱን ራሳችሁ ደግማችሁ ለኩ።